ለቁርጠት የሚዋጠው ኪኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ

በባሕር ዳር ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት በፋርማሲስትነት እሠራለሁ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ቅርብ በመሆኑ ከሚመጡት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከሚጠይቁትም ነገር ዋናው የወር አበባ ቁርጠት ማስታገሻ ነው። አንዳንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች፤ አንዳንዷ ጓደኛዋ የላከችላትን የኪኒን ፎቶ ከስልኳ ላይ ታሳያለች፤ አንዳንዷ ደግሞ በመቀስ ተቆርጦ የተረፈ የስትሪፕ ቁራጭ ይዛ መጥታ «እንደዚህ ያለውን ስጭኝ» ትላለች። በዚያ ቁራጭ ላይ የመድኃኒቱ ስም ግማሹ ብቻ ይነበባል፤ የአገልግሎት ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን ጭራሽ የለም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሚጠየቁት ኪኒኖች ስለ አንዱ ዓይነት ነው፤ እርሱም የጡንቻ መኮማተርን የሚያላላ መድኃኒትና ብግነትን የሚቀንስ ማስታገሻ በአንድነት ተቀላቅለው የተሠሩበት ነው።

በጣም የታወቀው ቅንብር በአንድ ኪኒን ውስጥ 250 ሚሊግራም ሜፌናሚክ አሲድና 10 ሚሊግራም ዳይሳይክሎሚን የያዘው ነው። በሌላው ቅንብር ደግሞ በዳይሳይክሎሚን ፋንታ 80 ሚሊግራም ድሮታቬሪን ይገባል። በማሸጊያው ላይ የንግድ ስሙ በትልቁ ይጻፋል፤ የሁለቱ መድኃኒቶች ስም ግን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ስለሚቀመጥ ሰው የሚያስታውሰው የንግድ ስሙን ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሠሩበት መንገድ፣ የሚከለከሉበት ሰውና የሚያስከትሉት ጉዳት የተለያየ ስለሆነ፣ «ይህ ኪኒን ይስማማኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለ አንዱ አንድ ጊዜ፣ ስለ ሌላውም እንደገና መጠየቅ አለበት። ጨጓራዋ ጤነኛ የሆነና አንደኛውን ያለ ስጋት ልትወስድ የምትችል ሴት፣ በዓይኗ ግፊት ወይም ልጅ በማጥባቷ ምክንያት ሁለተኛውን ልትከለከል ትችላለች።

ከሜፌናሚክ አሲድ ልጀምር። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን በብዛት ያመነጫል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች የማህፀንን ጡንቻ አጥብቀው ያኮማትራሉ፤ ጡንቻው ሲጨመቅ በውስጡ የሚያልፉት የደም ሥሮችም አብረው ይጨመቃሉ፤ ደም ያነሰው ጡንቻም ያማል። ፕሮስታግላንዲኑ አንጀትንም ስለሚያነሳሳ ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ይጨመርባቸዋል፤ ይህንን «ምን በልቼ ይሆን?» እያሉ ከምግብ ጋር የሚያያይዙት ጥቂቶች አይደሉም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. አስፒሪንና መሰሎቹ የፕሮስታግላንዲንን መመረት እንደሚገቱ አሳየ፤ በ1982ም ከሁለት ስዊድናውያን ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሜፌናሚክ አሲድ፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለተጠቃሚዋ በጣም ይጠቅማል፦ መድኃኒቱ የሚገታው ገና የሚመረተውን ፕሮስታግላንዲን ስለሆነ፣ ሕመሙ ካየለ በኋላ ከመዋጥ ይልቅ ደሙ ወይም ቁርጠቱ እንደ ጀመረ መዋጥ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። «መድኃኒት ማብዛት ጥሩ አይደለም» ብላ እስከ ማታ ስትታገሥ ውላ፣ በመጨረሻ ሁለት ኪኒን በአንድ ጊዜ የምትውጥ ልጅ ከሁለቱም ወገን ተጎዳች፤ ሕመሙንም ተሸከመች፣ የመድኃኒቱንም መጠን ጨመረች።

ዳይሳይክሎሚን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ነርቮች የአንጀትን ጡንቻ የሚያኮማትሩት አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር አማካይነት ነው፤ ዳይሳይክሎሚን ያንን መልእክት በማገድ ጡንቻውን ያላላል። በአሜሪካ የተፈቀደውም ለማህፀን ሳይሆን ለአንጀት መታወክ ነው። ለወር አበባ ሕመም ጠንካራ የጥናት ድጋፍ ያላቸው ፀረ ብግነት ማስታገሻዎቹ ሲሆኑ፣ ዳይሳይክሎሚን በዚያ ላይ ሲጨመር ምን ያህል ተጨማሪ ጥቅም እንደሚሰጥ የሚያሳየው ማስረጃ ከዚያ ጋር ሲወዳደር ደካማ ነው። ስለዚህ የእኔ አስተያየት፣ የወር አበባ ሕመም ብቻ ላለባትና ሌላ በሽታ ለሌላት ሴት፣ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር መጀመሪያ ሊሞከር ይገባዋል የሚል ነው። በእርሱ ከተሻላት ሁለተኛውን መድኃኒት ከነጉዳቱ የምትሸከምበት ምክንያት የለም። ጥምሩ ኪኒን ለምን ተሠራ ለሚል ሰው ደግሞ፣ ከማህፀኑ ሕመም ጋር የአንጀት ቁርጠትና መነፋት አብሮ የሚበረታባቸው ሴቶች እንዳሉና ከእነርሱ አንዳንዶቹ በጥምሩ ይበልጥ እንደሚያርፉ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ አላስተባብላቸውም። ነገር ግን «ሁለት ስለሆነ ይበረታል» የሚለው አስተሳሰብ ብቻውን ለምርጫ አይበቃም።

ስለ አወሳሰዱ ሲነሳ በብዛት የሚታዘዘው አንድ ኪኒን በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ነው። በየ8 ሰዓቱ ማለት በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓትና ማታ 5 ሰዓት ነው። ሜፌናሚክ አሲድ ለብቻው ሲሰጥ በአሜሪካ የጸደቀው መመሪያ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ በመጀመሪያ 500 ሚሊግራም፣ ከዚያም በየ6 ሰዓቱ 250 ሚሊግራም ይላል፤ ለወር አበባ ሕመም የሚያስፈልገውም ከ2 እስከ 3 ቀን ብቻ መሆኑን ይገልጻል። ይህን በኢንተርኔት አንብበው የመጀመሪያውን መጠን በጥምሩ ኪኒን እጥፍ ለማድረግ የሚያስቡ አሉ። ጥምሩ ሲታጠፍ ግን ሜፌናሚክ አሲዱ ብቻ አይደለም የሚታጠፈው፤ ዳይሳይክሎሚኑም አብሮ ይታጠፋል። ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር መጠኑ አይጨመርም። በተለይ ሜፌናሚክ አሲድ ከመጠን ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ በማምጣት የታወቀ ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ይህንን ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር ይኖርባታል። ኪኒኑን ስትወስድ ብርቱ ተቅማጥ የጀመራት ሴትም ታቁመው፤ ሜፌናሚክ አሲድ ራሱ ተቅማጥ ያመጣልና።

አሁን በከተማችን ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ወደ ሆነው ጉዳይ ልለፍ፤ እርሱም ጨጓራ ነው። በማህፀን ውስጥ ሕመም የሚያመጣው ፕሮስታግላንዲን በጨጓራ ውስጥ ጠባቂ ነው፤ የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚከላከለው ልጋግ የሚመረተውና የደም ዝውውሩ የሚጠበቀው በእርሱ ነው። ማስታገሻው ክፉውንና ደጉን ለይቶ ስለማያውቅ ሁለቱንም ይገታል። በአገራችን የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ማለትም ኤች ፓይሎሪ፣ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ባክቴሪያውና ማስታገሻው በአንድ ጨጓራ ላይ ሲገናኙ ደግሞ የቁስልና የመድማት አደጋው ከሁለቱም ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል። በመሆኑም «ጨጓራ አለብኝ» የምትል ሴት ይህንን ለወግ ያህል ሳይሆን በትክክል መናገር አለባት፦ ተመርምራ ነው ወይስ በግምት? ቁስል ተብላ ታውቃለች? ደም አስመልሷት ወይም ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቃል? ለኋለኞቹ ጥያቄዎች መልሷ አዎ ከሆነ ያለ ሐኪም ምክር ሜፌናሚክ አሲድም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ዲክሎፌናክም አይሰጣትም፤ ፓራሲታሞልና ሌላ መንገድ ይፈለግላታል። ከምግብ ጋር መውሰድ ማቃጠልንና ማቅለሽለሽን ይቀንሳል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በደም ዞሮም ጨጓራን ስለሚጎዳ፣ ምግብ የቁስልን አደጋ ያስቀራል ማለት አይደለም። በምግብ ላይ ወስጄዋለሁና ምንም አይነካኝም ብሎ ለሳምንታት መቀጠል ከዚህ የተሳሳተ እምነት ይመጣል።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙዎቻችን እስከ 9 ሰዓት፣ ከዚያም በላይ እህል ሳንቀምስ እንውላለን። ይህ ጾም የሚውለው ደግሞ ባሕር ዳር ከዓመቱ ሁሉ በምትሞቅበት ወቅት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ነው። ከሐይቁ ዳር እስከ ሰባታሚት ያለው አስፋልት የሚያቃጥልበት በዚያ ወቅት፣ ሳትበላና ሳትጠጣ የምትውል ሴት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኪኒኑን በባዶ ሆዷ ብትውጠው ሦስት ነገሮች ይገናኙባታል። አንደኛው የጠቀስኩት የጨጓራ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ኩላሊት ነው፦ ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ኩላሊት የደም አቅርቦቱን የሚያስጠብቀው በፕሮስታግላንዲን እርዳታ ስለሆነ፣ ማስታገሻው ያንን እርዳታ ሲነጥቀው ኩላሊት በድንገት ሊዳከም ይችላል፤ ተቅማጥና ትውከት ካለ አደጋው ይጨምራል። ሦስተኛው ከዳይሳይክሎሚን የሚመጣ ነው፦ ላብን ስለሚቀንስ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ ይጠብበታል፤ ፊቷ ግሎ፣ ቆዳዋ ደርቆ፣ ልቧ እየመታ ራሷን የሚያዞራት ሴት ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ውሃ ልትጠጣ፣ ኪኒኑንም ልታቆም ይገባል።

ጾም አፍርሱ የምል ሰው አይደለሁም፤ ያንን የሚወስኑት ሴቲቱና የንስሐ አባቷ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ለታመመ ሰው ስለ ጾም ርኅራኄ ያላቸው ብዙ ናቸውና፣ «ታምሜ መድኃኒት ከምግብ ጋር ልወስድ ነው» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። ለመብላት ካልተፈቀደ ወይም ልቧ ካልፈቀደ ደግሞ የሚሻለው ማስታገሻውን ወደ ጾም መፍቻው ሰዓት ማስጠጋት፣ እስከዚያ በሙቀት መታሸትና ሆድን ብዙ የማይነካውን ፓራሲታሞል መጠቀም ነው። በረመዳን ግን በወር አበባ ላይ ያለች ሙስሊም ሴት ስለማትጾምና ቀኖቹን በኋላ ስለምትከፍል ይህ ጭንቀት በወር አበባ ሕመም አይገጥማትም፤ ሆኖም ከሰው ፊት ላለመብላት ብላ ምሳዋን ዘልላ ኪኒን የምትውጥ ልጅ አጋጥማኛለች፤ ጨጓራዋ በይሉኝታ አይድንም።

የዳይሳይክሎሚን ሌሎች ምልክቶች የአፍ መድረቅ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ድብታ፣ የሆድ ድርቀትና የሽንት መቸገር ናቸው። በዚህ አገር አስተናግር በስሕተት የበላ ሰው ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ደርቆ፣ የማይያያዝ ነገር ሲለፈልፍ ያየ ሁሉ የእነዚህ ምልክቶች መጨረሻ የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ በአስተናግር ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮችም የሚያግዱት ያንኑ አሴቲልኮሊን ነው። በኪኒኑ መጠን ነገሩ እጅግ የቀለለ ቢሆንም፣ ከአለርጂ መድኃኒቶች እንደ ክሎርፌኒራሚን፣ ከፕሮሜታዚን ወይም ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደራረብ ይከብዳል። ባጃጅ የሚነዳ፣ ማሽን ላይ የሚሠራ ወይም በዚያው ቀን ፈተና ያለበት ሰው የመጀመሪያውን ኪኒን ቤቱ ሆኖ ቢሞክረው እመርጣለሁ። ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ያለባቸው፣ ፕሮስቴታቸው ያደገ አባቶች፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ ድክመት ያለባቸውና ቃር የሚያስቸግራቸው ሰዎች ሊወስዱት አይገባም፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችም ግራ ሊጋቡበት ስለሚችሉ፣ ለልጅ ልጅ የተገዛውን «እኔንም ቆርጦኛል» ብሎ መካፈል ይቅር።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለ መገናኘቱ ረዥም ዝርዝር ማቅረብ ይቻላል፤ እኔ ግን በመድኃኒት ቤታችን በብዛት በማየው ላይ አተኩራለሁ። አንደኛው ዲክሎ ነው። ጠዋት ጥምሩን ኪኒን የዋጠች ሴት ከሰዓት በኋላ «አልተወኝም» ብላ ዲክሎፌናክ ኪኒን ትወስዳለች ወይም መርፌ ትወጋለች፤ ሁለቱም አንድ ወገን ስለሆኑ ሕመሙ በዚያው ልክ ሳይቀንስ የጨጓራና የኩላሊት አደጋው ብቻ ይጨምራል። ፓራሲታሞል ግን በሌላ መንገድ ስለሚሠራ በመጠኑ አብሮ ሊወሰድ ይችላል። ሁለተኛው የደም ግፊት መድኃኒት ነው፦ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ እናቶች ይህን ኪኒን ሲጨምሩበት ግፊታቸው ከመድኃኒቱ ቁጥጥር ሊወጣ፣ ኩላሊታቸውም ሊጎዳ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን፣ የምትወስድ ሴት ያለ ሐኪሟ ፈቃድ ጭራሽ አትነካውም። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት በሽታ ያለባትም እንደዚሁ። አስም ያለባትና አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን ወስዳ ደረቷ ተዘግቶ የሚያውቅ ሴት ሜፌናሚክ አሲድንም እንደ እነርሱ ትሽሽ።

እርግዝናን በተመለከተ ከመሸጤ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ «የወር አበባሽ በጊዜው ነው የመጣው?» የሚል ነው። ጥያቄው አንዳንዷን ያስቀይማል፤ እኔ ግን አልተወውም። የዘገየ የወር አበባ፣ በአንድ ጎን የጠነከረ ሕመም፣ የትከሻ ሕመምና ራስን መሳት ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ምልክት ሊሆን ይችላልና፣ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የድንገተኛ ክፍል ነው። ከዚህ ሌላ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከ20 ሳምንት እርግዝና በኋላ እነዚህን ማስታገሻዎች መውሰድ በፅንሱ ኩላሊት ላይ ችግር አምጥቶ የእንሽርት ውሃን ሊያሳንስ እንደሚችል አስታውቋል። ለሚያጠቡ እናቶች ዳይሳይክሎሚን አይሰጥም፤ ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናትም ክልክል ነው፤ የመተንፈስ ችግር በሕፃናት ላይ ታይቷልና። ማታ ማታ የሚያለቅስ ሕፃን ይዘው ኪኒኑን ሰባብረው በማንኪያ ለመስጠት የሚጠይቁ ወላጆች ስላሉ ይህንን በግልጽ መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አገኘሁት።

እስካሁን የወር አበባ ሕመም ነው ብለን ተነጋገርን። ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣው ቁርጠት ሁሉ ግን የወር አበባ አይደለም፤ ከጣና ዳር ካሉ ቀበሌዎች የሚመጡ ሰዎች ደግሞ ለማንኛውም ቁርጠት ያንኑ ኪኒን ይጠይቃሉ። በአንድ ወቅት ከዘጌ በኩል የመጡ እናት «የኔ እመቤት፣ ልጄን ሆዱን ነፍቶ ሲቆርጠው አደረ፤ ያንን የቁርጠት ኪኒን ስጭኝ» አሉኝ።

«ሰገራ ወጥቶለታል ወይ፣ እማማ? ፈሱስ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምንም የለ። ያስመልሰዋል እንጂ።»

ልጁ ጎልማሳ ነበር፤ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሆዱን ይዟል። ኪኒን አልሸጥኩላቸውም፤ ምግብም ውሃም እንዳይሰጡትና በዚያው ባጃጅ ወደ ሆስፒታል እንዲወስዱት ነገርኳቸው፤ ይዘውት ሄዱ። የአንጀት መጠምዘዝ በአገራችን፣ በተለይም በጎልማሳ ወንዶች ላይ፣ የአንጀት መዘጋት ከሚያመጡት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ አንጀትን የሚያላላው መድኃኒት በተዘጋ አንጀት ላይ ሲጨመር እንቅስቃሴውን ይበልጥ ያቆመዋል፣ ማስታገሻው ደግሞ ሕመሙን ደብቆ ሰዓት ያባክናል። ትርፍ አንጀትም እንዲሁ ነው፦ ከእምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ የሆድ ታችኛ ክፍል የወረደ፣ ሲራመዱ የሚብስ ሕመም በኪኒን ሲሸፈን ቆይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትኩሳት ካለ ደግሞ አንጀቱን ማላላት ተላላፊውን ነገር በውስጥ ያቆየዋል፤ በሐይቁ ዳር የሚዋኙ፣ የሚያጠምዱና ደንገል የሚያጭዱ ሰዎች ላይ ቢልሃርዚያም ስለሚገኝ የሰገራ ምርመራ ይቀድማል። በወባ ወቅት ትኩሳቱ በማስታገሻው ሲወርድ «ዳንኩ» ብሎ የደም ምርመራውን መተው ሌላው አደገኛ ነገር ነው። በከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና አገልግሎት አላቸውና፣ የተነፋና የጠጠረ ሆድ፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም በሰዓታት ውስጥ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ያለበት ሰው ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ጊዜውን አያባክን።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. የህንድ የመድኃኒት ፋርማኮፒያ ኮሚሽን ስለ ሜፌናሚክ አሲድ ማስጠንቀቂያ ባወጣ ጊዜ ዜናው በእኛም ስልኮች ሲዘዋወር ነበር፤ ብዙ ሰው ግን «ታገደ» ብሎ ነው የተረዳው። አልታገደም። ማስጠንቀቂያው ድሬስ ስለሚባል፣ ብርቅ ነገር ግን ከባድ ስለሆነ የአለርጂ ዓይነት ነበር፤ ሐኪሞችና ተጠቃሚዎች እንዲከታተሉት የሚያሳስብ ነበር። ድሬስ ከሌላው ሽፍታ የሚለይበት አንዱ ነገር መዘግየቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ ሰው ሽፍታውን ካለፈው ወር ኪኒን ጋር አያገናኘውም። ትኩሳት፣ በሰውነት ላይ የሚስፋፋ ሽፍታ፣ የፊት ማበጥና የንፍፊት ማበጥ አብረው ከታዩ ባለፉት ሁለት ወራት የተወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል፤ ጉበትና ኩላሊትም ሊነኩ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ጤና ባለሙያው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያሳውቃል፤ ተጠቃሚዋም ራሷ በ8482 ነፃ የስልክ መስመር ልትናገር ትችላለች። ለዚህ ደግሞ የመድኃኒቱ ሙሉ ስምና የምርት መለያ ቁጥሩ ስለሚያስፈልግ፣ ኪኒን በፍሬ ሲገዛም ቢሆን ፋርማሲስቱ የሁለቱንም መድኃኒቶች ስም፣ መጠኑንና ቁጥሩን በፖስታው ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ መብት ነው።

ያለ መድኃኒት ስለሚረዳው ነገር ባጭሩ፦ ሙቀት በእውነት ይረዳል፤ ፍል ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በነጠላ ጠቅልሎ እምብርት ሥር መያዝ በጥናትም የተደገፈ ነው። ዝንጅብልም ለአንዳንዶች ይጠቅማል። ጤና አዳም በቡና የምትጠጣ ካለች፣ እርግዝና ሊኖር የሚችል ከሆነ በብዛት አትውሰደው ከማለት በስተቀር የምለው የለኝም።

የወር አበባ ሕመም በልጅነት ከወር አበባው ጋር ጀምሮ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ብቻ ቆይቶ የሚያልፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ በውስጡ ሌላ በሽታ የለውም። ለዓመታት ሕመም ያልነበራት ሴት በሃያዎቹ መጨረሻ ወይም በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ አዲስ ሕመም ከጀመራት፣ ከወር ወደ ወር እየባሰ ከሄደ፣ ከወር አበባው ውጭም ካመማት፣ በግንኙነት ጊዜ ወይም ሰገራ ስትወጣ ካመማት፣ ደሙ ከቀድሞው ከበዛ፣ ወይም ማስታገሻውን በትክክል ወስዳው ለሁለት ሦስት ወር ያህል ካልረዳት፣ ጥምር ኪኒን መቀያየሩን ትታ ወደ ማህፀን ሐኪም ትሂድ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ሲያድግ)፣ ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) ወይም የማህፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና አልትራሳውንድና ምርመራ ያስፈልጋል። እርግዝና ለመቆጣጠር ሉፕ ካስገባች ወዲህ ሕመሙ የበዛባት ሴት ደግሞ ወደ አስገቡላት ጤና ጣቢያ ተመልሳ ቦታውን ታሳይ፤ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ቁርጠትና ደም መብዛቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ክሩ ካልተገኘ ወይም ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ግን የቀጠሮዋን ቀን መጠበቅ አያስፈልጋትም።